ሊጡ አልነሳ ያላት እናትና የክረምቱ ወግ

የመክፈቻ ጽሑፍ። በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር ሐምሌ መጨረሻ ላይ የከፈተችው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት ናት። ዘንድሮ የቡሄን ሙልሙል ከዳቦ ቤት ከመግዛት ራሷ ልትጋግር አስባ ለሙከራ አንድ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት አቦካች። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠበቀች። ሊጡ ንቅንቅ አላለም። እርሾው ከሱፐርማርኬት የተገዛው ደረቁ ነው፤ ውሃውም ለብ ያለ ነበር። ምኑን እንዳጎደለች ጠየቀች። እዚህ ላይ ብታቆም ክሩ በአምስት መልስ ያልቅ ነበር። እሷ ግን አንድ አንቀጽ ጨመረች። ሰው ክረምትን ለምን እንደሚያማርር አይገባትም። ልጆች ቤት ይውላሉ፤ እሸት ይጠበሳል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ዳቦ ኩሽና ውስጥ ይሸታል። ከዓመቱ ሁሉ የሚጣፍጠው ይሄ ነው ባይ ናት። ጨዋታውም ጭቅጭቁም የመጣው ከዚህችው አንቀጽ ነው።

1. የመጀመሪያው መላሽ ትሁት ነው። ጥፋቱ የእጇ ሳይሆን የብርዱ እንደሆነ ነገራት። አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ሌሊቱን ወደ 10 ዲግሪ ትወርዳለች፤ ፀሐይ የማይገባው ኩሽና ደግሞ ቀንም ቢሆን ከውጭው ብዙ አይሻልም። ኦቨኑን ሳትለኩስ ውስጡ አንድ ጎድጓዳ ሳህን የፈላ ውሃ እንድታስቀምጥ፣ ሊጡንም ከጎኑ አድርጋ በሩን እንድትዘጋ መከራት።

2. ቀጥለው የጻፉት በመድረኩ ሁሉም እትዬ የሚላቸው እናት ናቸው። ከምክሩ በፊት ስለ ችኮላዋ ቆጣ አሏት። የክረምት ሊጥ ማታ ተቦክቶ ጠዋት ነው የሚጋገረው። እሳቸው ልጅ ሆነው ደብረ ብርሃን ሳሉ እናታቸው ቡሃቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ምድጃው አጠገብ ያሳድሩት ነበር። ከሊጡም ጭብጥ የምታህል ለሚቀጥለው እርሾ ትቀመጣለች። የደብረ ብርሃን ብርድ ያልገደለውን እርሾ የሰሚት ብርድ እንደማይገድለው እርግጠኛ ናቸው።

3. አንድ መስመር ብቻ። እርሾው ሞቶ እንዳይሆን በለብታ ውሃና በቁንጥር ስኳር ይፈተን፤ አሥር ደቂቃ ውስጥ አረፋ ካላወጣ ይጣል።

4. የክሩ ምርጥ መልስ ይሄ ነው። የጻፈው ዳቦ ቤት የሚሠራ ሰው ነው። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ነገር በተቃራኒ እንደሚጎትት አስረዳ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጥ ውስጥ ያለው ጋዝ ቶሎ ይነፋል። ስለዚህ ለቆላ አገር የተጻፈ አሠራር እዚህ ሲመጣ እርሾው ይበዛል። በሌላ በኩል ብርዱ እርሾውን ያስተኛዋል። ሰው ሊጡ ሲዘገይበት እርሾ ይጨምራል፤ ያ ሊጥ ሞቅ ያለ ቦታ ሲገባ ተነፍቶ ተነፍቶ ምድጃው ላይ ቁጭ ይላል። እሱ የሚመክረው እርሾውን ሳይጨምሩ ጊዜውን መጨመር ነው። ቀስ ብሎ የነሳ ሊጥ ጣዕሙም ይሻላል። ሰዓት ማየትም አያስፈልግም። ጣትን ዱቄት አስነክቶ ሊጡን ጫን ማድረግ ነው። ጉድጓዷ ወዲያው ከሞላች ገና ነው። ቀስ ብላ በከፊል ከተመለሰች ደርሷል። እንዳለች ከቀረች አልፏል።

ለእኔ ክሩ እዚህ ላይ ቢዘጋ በቂ ነበር። ግን መድረክ ነው፤ አልተዘጋም።

5. ጠያቂዋ ተመለሰች። እርሾውን ፈትናዋለች፤ አረፋ አውጥቷል። ብርዱ ነው ማለት ነው። ለእትዬ ለብቻቸው ምስጋና አቀረበች።

6. ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለች ሴት የራሷ ጭንቅ ተቃራኒው መሆኑን ጻፈች። ነሐሴ ላይ ውጭው ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ስትመለስ ሊጡ ከሳህኑ ተርፎ ጠረጴዛው ላይ ወርዶ አገኘችው። አሁን ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው የምታሳድረው። ኮባ ስለማይገኝ ከእስያ ሱቅ በበረዶ የቀዘቀዘ የሙዝ ቅጠል ትገዛለች። ሽታው ትንሽ እንደሚለይ፣ ግን ከፎይል በብዙ እንደሚሻል አልደበቀችም።

7. አንድ ተሳላቂ መጣ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው የቆርቆሮ ድምፅ ከየት እንደሚሰማ ጠየቀ። ከላይ ሁለት ፎቅ ጎረቤት እያለ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲደበድብ መስማት የጆሮ ሳይሆን የትዝታ ሥራ ነው ብሎ ደመደመ። ብዙ ሰው ሳቀ። እሷም ስቃ የመኪና ማቆሚያው ክዳን እንደሆነ ነገረችው።

8. ሙልሙሉ እንዲለሰልስላት ውሃውን በወተት እንድትተካ፣ ሁለት እንቁላልና ትንሽ ቅቤም እንድትጨምር የመከረ ሰው ተነሳ። በቅን ልብ ነው የጻፈው።

9. የመጣበት ግን እሳት ነው። ቡሄ ነሐሴ 13 እንደሚውል፣ የፍልሰታ ጾም ደግሞ ከነሐሴ 1 ጀምሮ እስከ 16 የሚፈታበት ቀን ድረስ እንደሚዘልቅ አንዱ በቁጣ አስታወሰው። ሙልሙል በቅቤ የሚል ሰው ቡሄ ምን እንደሆነ እንኳ የሚያውቅ አይመስለውም።

10. ስምንተኛው መልሶ መጣ። እሱ ስለ ልስላሴ እንጂ ስለ ሃይማኖት አልተናገረም። እሱ ባደገበት ግቢ ሙስሊሙም ጴንጤውም ለቡሄ ልጆች ዳቦ ይሰጥ ነበር፤ ቅቤ አለው የለው ብሎ የመረመረ ልጅ አላየም።

11. እትዬ ገላገሏቸው። ነገሩን ሳያከሩ አሠራሩን ሰጡ። ለኪሎ ዱቄት ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ትንሽ የተፈጨ ኮረሪማና ጨው ይበቃል። ዘይቱ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ይታሻል። ሲጋገር ከታች ጀርባውን በጣት ኳ ኳ ማድረግ ነው፤ ባዶ ነገር እንደመምታት ከተሰማ በስሏል። ለልስላሴውም ገና ትኩስ ሳለ በንጹህ ጨርቅ መሸፈን ነው። ዘጠነኛውንም በጨዋ ቃል ገሠጹት፤ ጾሙን ማስታወሱ ደግ ነው፣ ሰውን ማሳፈሩ ግን ጾም እንዳልሆነ ነገሩት። መልስ አልሰጠም።

12. ከዚህ በኋላ ነው ድምፁ የከረረው። አንድ የቀበሌ ቤት ነዋሪ የመክፈቻውን አንቀጽ ይዞ መጣ። ክረምት የሚጣፍጠው ጣሪያው ለማያፈስ ሰው ነው። እሱ ቤት ሌሊት ባልዲ ከባልዲ ሲቀየር ይነጋል። ከሰሉ ይረጥባል፤ ይወደዳል። ልጆቹ ቤት የሚውሉት ደስ ብሏቸው ሳይሆን በሩ ላይ ያለው ጭቃ ስለማያሳልፍ ነው። ለጠያቂዋ የሚጣፍጣትን እሸት የምትጠብሰው ሴት አናቷ ላይ ፌስታል አድርጋ ዶፍ ውስጥ እንደምትቀመጥም አስታወሳት።

13. አንዱ ቸኩሎ፣ ሰው ስለ ዳቦ ሲያወራ ድህነት መጎተቱን እንደሰለቸው ጻፈ። ይሄ መልስ የክሩ ቀሽም መልስ ነው። ማንም አልወደደለትም።

14. ጠያቂዋ ለአሥራ ሁለተኛው በቀጥታ መለሰች። አልተከላከለችም። የወር ደሞዝተኛ መሆኗን፣ ኮንዶሚኒየሙንም የተከራየችው መሆኑን ነግራው ጣሪያውን ለማደስ ሸራ የሚሸጥበትን ቦታ ጠቆመችው።

15. የእሸት ሻጭ ልጅ የሆነች ወጣት ገባች። ኮተቤ መንገድ ዳር እናቷ ከሰኔ እስከ መስከረም በቆሎ ትጠብስ ነበር። ዶፉም ጭሱም እውነት ነው። ግን ለእሷ የክረምት በቆሎ ማለት የመስከረም ደብተርና ዩኒፎርም ነው። ጥሩ ዝናብ በጣለበት ማታ ሰው ትኩስ ነገር ፈልጎ ይቆማል፤ ሽያጩ የሚደምቀው ያኔ ነው። እናቷ ዝናብን ስትራገም ሰምታ አታውቅም፤ የምትራገመው ንፋሱን ነው፤ ከሰሉን ይበላባታልና። አሥራ ሁለተኛውን አልተቃወመችውም፤ ጠያቂዋንም አልደገፈችም። ክሩ ከዚህ በኋላ ረገብ አለ።

16. በቆሎ ሲነሳ ወሬው ወደ ጓሮ ዞረ። ሱሉልታ ትንሽ ግቢ ያለው ጡረተኛ መምህር እሸት መድረሱ እንዴት እንደሚታወቅ ጻፉ። ጫፉ ላይ ያለው ፀጉር ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ሽፋኑን ትንሽ ገለጥ አድርጎ አንዷን ፍሬ በጥፍር ወጋ ማድረግ ነው። ጥርት ያለ ውሃ ከወጣ ገና ነው። ወተት የመሰለ ከወጣ የዛሬ እራት ነው። ምንም ካልወጣ ለንፍሮ ወይም ለዘር ይቆይ።

17. ቲማቲሟ ቅጠሉ ጠቁሮ ፍሬው የበሰበሰባት ሴት ምን መድኃኒት እንደምትረጭ ጠየቀች።

18. መምህሩ ነቀል አድርጋ እንድትጥለው መከሯት። በክረምት ዝናብ ሜዳ ላይ የቆመ ቲማቲም ማትረፍ ልፋት ነው። በሽታው ድንችንም ያጠቃል፤ ሁለቱን አጎራብቶ መትከል ደግሞ በሽታውን ቤተኛ ማድረግ ነው። ቲማቲም ለሚወድ ሰው ከላይ ላስቲክ ዘርግቶ ቅጠሉን ሳያረጥቡ ከሥሩ ማጠጣት፣ ካልሆነም ዝናቡ እስኪያልፍ መታገስ ነው። የክረምቱ ባለሟሎች ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ቀይ ሥር ናቸው። ጎመንን ደግሞ ነቅለው የሚበሉ ሰዎችን አይወዱም። የታችኞቹን ቅጠሎች እየቀነጠሱ እምቡጡን ከተዉለት አንዷ ግንድ ለወራት ትመግባለች።

19. ቀንድ አውጣ ሰላጣዋን የጨረሰባትን ሴት አንድ ሰው ዙሪያውን አመድ እንድትነሰንስ መከራት።

20. ወዲያው እርማት መጣ። አመድ የሚሠራው ደረቅ እስከሆነ ነው። ነሐሴ ላይ በአንድ ዶፍ ታጥቦ ይሄዳል። የሚያዋጣው ማታ ባትሪ ይዞ ወጥቶ በእጅ መልቀም ነው። ልጆቿ የእረፍት ጊዜያቸውን በዚህ ቢያሳልፉ ከቴሌቪዥን ይሻላል።

21. አንድ ሰው ጎመን ሲነሳ ያስታወሰውን ገጠመኝ ጻፈ። ጎረቤቱ ለእንቁጣጣሽ ቀደም ብሎ በግ ገዝቶ ግቢ ውስጥ ያስራል። በጉ ገመዱን በጥሶ አጥር ዘሎ የዚህን ሰውዬ ጎመን አንድ ሌሊት ውስጥ ጠራርጎ በላ። የቀረው ግንድ ብቻ ነው። ጎረቤትየው አፍሮ ሰላምታ እስከማቋረጥ ደረሰ። በዓሉ ሲደርስ ግን አንድ ሳህን ሙሉ ጥብስ ተላከለት። ሰውዬው ጎመኑን መልሶ እንደበላው ነው የሚቆጥረው፤ ያውም በቃሪያ።

22. የሜሪላንዷ ሴት ተመልሳ የቲማቲሙ ነገር እንዳስቀናት ሳይሆን እንዳስገረማት ጻፈች። እሷ ጓሮ በጋውን ሙሉ ቲማቲምና ቃሪያ ይትረፈረፋል። ጎመኑ ነው በሙቀቱ አበባ እያወጣ የሚመርባት። ለጎመን መስከረምን ትጠብቃለች።

23. ከእስራኤሏ ነታንያ ከተማ የጻፈች አንዲት ቤተ እስራኤላዊት አለች። እዚያ በጋው ላይ ወር አልፎ ወር ሲተካ ጠብ የሚል ነገር የለም። ዳቦውን ግን አላቋረጡም። እናቷ የሰንበትን ዳቦ ዓርብ ይጋግራሉ፤ ጎንደር ሳሉም እንደዚሁ ነበር። የናፈቃት ዝናብ የመታው አፈር ሽታ ነው።

24. ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እህት አጭር ነገር ጻፈች። አሠሪዎቿ ነሐሴ ላይ ለእረፍት ወደ ሌላ አገር ስለሚሄዱ ኩሽናው ለእሷና ለአብራት ለምትሠራው ልጅ ይቀራል። ያኔ ይጋግራሉ። ጓሮ የላትም። ግን በቲማቲም ድልህ ጣሳ በሶብላ ዘርታ በመስኮቱ ሥር፣ ልክ የአየር ማቀዝቀዣው ውሃ የሚንጠባጠብበት ቦታ ላይ አስቀምጣዋለች። ውጭው ከ40 ዲግሪ በላይ ሆኖ በሶብላው ለምልሟል። ይህን መልስ ብዙ ሰው ወደደው። እኔም ሁለቴ አነበብኩት። በነገራችን ላይ ማንም ምክር አልጨመረላትም፤ ደግ አደረጉ።

25. ወሬው ወደ ቡሄ ተመለሰ። አንዱ የዛሬ ልጆች ሆያ ሆዬ ብለው ሙልሙል ሲሰጧቸው ፊታቸውን እንደሚያጠቁሩ፣ የሚፈልጉት ብር ብቻ እንደሆነ አማረረ። ጅራፍ የሚገምድ ልጅ ካየም ቆይቷል።

26. የሃያ ዓመት ወጣት ነኝ ያለ ልጅ ተከራከረው። እሱ ከጓደኞቹ ጋር ሰፈሩን ሲያዳርስ የሚሰበሰበው ዳቦ ለመሸከምም ለመብላትም ያስቸግር ነበር። ብሩ ተካፍሎ ደብተር ሆኗል። ደግሞም ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ አይደለም። ብዙ ቤት ውስጥ ሙልሙሉ የለም። ኮንዶሚኒየም በር ላይም ጥበቃው አያስገባም። ጅራፉን በተመለከተ፣ አስፋልት ላይ ማጮህ እንደሚቻል፣ ግን መኪና ያለው ሰው እንደሚቆጣ ገለጸ።

27. አንዲት የሰቆጣ ልጅ ሁሉም ስለ ወንዶቹ ብቻ ማውራቱ ቅር አሰኝቷታል። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ሴቶቹ ለምለሙን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ይወጣሉ። ዋግ ኽምራ ሻደይ ይባላል፤ ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ ነው። ለእሷ የክረምት ደስታ ሳምንቱን ሙሉ ከቤት ወጥቶ ከእኩዮች ጋር መዋል ነው፤ ቤት ሆኖ ዳቦ መጠበቅ አልነበረም።

28–30. በዓሉ ከየት ተነሳ በሚለው ሦስት መልስ ተወራወሩ። አስተባባሪው ሦስቱንም አለዘባቸው። እኔም አልደግማቸውም።

31. አንዱ፣ ቡሄ ካለፈ ክረምት እንደሌለ ተናግሮ ጓሮውን ማዘጋጀት ሊጀምር መሆኑን ጻፈ።

32. መምህሩ እንዳይቸኩል አስጠነቀቁት። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ የሚያይለው በሐምሌና በነሐሴ ቢሆንም መስከረም ላይ በረዶ ጥሎ ችግኝ ያጨደበት ዓመት እሳቸው ያስታውሳሉ። ተረቱ ለልብ ነው፤ ለዘር ግን አይሆንም።

33. እረፍት ላይ ልጆቹን በትንሽ ብር የት እንደሚወስድ የጠየቀ አባት ነበረ። መላሾቹ ሦስት ቦታ ጠቆሙት፦ እንጦጦ፣ የመናገሻ ሱባ ጫካ እና ላንጋኖ። ላንጋኖን የሰማው ሰው ውሃው ቡናማ ስለሆነ ቆሻሻ ነው አለ። ቀለሙ ከአፈሩ የመጣ እንደሆነ፣ ሰውም ዘመኑን ሁሉ ሲዋኝበት እንደኖረ ሌላው አረመው። አባትየው ግን የትራንስፖርቱን ሒሳብ ሠርቶ መናገሻን መረጠ። ቦቲ እንዲያደርጉ፣ ምሳም ይዘው እንዲሄዱ ተነገረው።

34. ነሐሴ 12 ማታ ጠያቂዋ ፎቶ ይዛ ብቅ አለች። ሊጡን ባለፈው ቀን ማታ አቡክታ አሳድራው ነበር። ጠዋት ላይ ክዳኑን ገፍቶ አገኘችው። የመጀመሪያው ዙር ወጣ። ሁለተኛው ዙር ኦቨን ውስጥ እያለ መብራት ጠፋ። ላዩ ነጭ፣ ሥሩ ቡናማ የሆነ ሙልሙል ይዛ ቆማለች። ከታች ግቢ ልጆቹ ችቦ ሊያበሩ ተሰብስበዋል።

35. እትዬ በደቂቃ ውስጥ ደረሱ። ከሰል አቀጣጥላ ብረት ምጣዱን እንድትጥድ፣ ዳቦውንም ገልብጣ በሌላ ድስት እንድትከድነው አዘዟት። በረንዳው ላይ ይሁን፤ ቤት ውስጥ ከሰል እንዳታስገባ። የጋለ ፍም ክዳኑ ላይ ብታደርግ ደግሞ ከላይም ከታችም ይበስላል፤ ድፎ ድሮ የሚጋገረው እንደዚያ ነው።

36. ጠያቂዋ ከአንድ ሰዓት በኋላ። በስሏል። ጥቂቱ ጠርዙ አርሯል። ጥበቃውን አነጋግራ ልጆቹ በማግስቱ በየፎቁ እንዲወጡ ፈቅዶላታል። ለእሱም ሁለት ሙልሙል ደርሶታል።

37. አሥራ ሁለተኛው መላሽ ብቅ ብሎ ሸራውን መግዛቱንና ዋጋው ከጠበቀው በላይ መሆኑን ጻፈ። ስለ ዳቦው ምንም አላለም።

38. ሙልሙሉ ቢተርፍ ለፍርፍር ይሆን እንደሆነ የጠየቀ ሰው ነበር። ይሆናል ተባለ፤ በዘይትና በበርበሬ፣ ጾሙ እስኪፈታ።

39. አንዱ ለእንቁጣጣሽ ስለ ዶሮ ዋጋ ሊጀምር ሲል አስተባባሪው ወደ ሌላ ክር አዛወረው። እዚያ አሁን ከመቶ በላይ መልስ አለ፤ አንዱም ስለ ዶሮ ደስ የሚል ነገር አይናገርም።